ማን አየን?

ይሉኝታን የማያማ ወጣት የለም። ሠርግ ከአቅም በላይ የሚያስደግስ እሱ፣ የማንፈልገውን ሥራ «እሺ» የሚያስብል እሱ፣ ጠግበን ሳለ «በሞቴ» ሲሉን አራተኛ ጉርሻ የሚያስውጠን እሱ። እኛም ማኪያቶ ከበን በተቀመጥን ቁጥር ስናብጠለጥለው ኖረናል። «ሰው ምን ይለኛል እያለ የሚኖር ሰው መቼ ለራሱ ይኖራል?» እያልን።

ሰሞኑን ግን አንድ ጉዳይ መጣብንና ወሬያችን ተቀየረ። ለመሆኑ ይሄ «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት ፍርሃት ድንገት ቢነሳልን ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ስማችንን ማንም ባያውቅ፣ ማንም ባያየን፣ ነገ ማንም መጥቶ ባይጠይቀን? ጥያቄው ለጨዋታ የመጣ አይደለም። ከመካከላችን የአንዷ ታናሽ እህት በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ስም የሌለው ደብዳቤ ሊጻፍ ነበር። ጻፉልን ተብለን የተለመንነው ደግሞ እኛ ነን። የደብዳቤውን ነገር በኋላ እናመጣዋለን። መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የማን ልጅ ነህ?

አያቶቻችን ባደጉበት ቀዬ እንግዳ ሲመጣ ቶሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ሰላምታ ይመስላል እንጂ የዋስ ጥያቄ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ የታወቀ ሰው ቢያጠፋ አባቱ ይጠራል፣ ዘመዱ ያፍራል፣ እህቱን የሚያገባት ሰው ሁለቴ ያስባል። ስለዚህ ሰው ክፉ ነገር ሊሠራ ሲያስብ ብቻውን አይደለም። ዘር ማንዘሩ አብሮት ቆሞ ያየዋል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚጠይቅ የለም። ታክሲ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ከመገናኛ ሜክሲኮ የምንሄደውን ሰው ሁለተኛ ላናየው እንችላለን። ረዳቱ የ100 ብር መልስ ሲሰጥ አሥር ብር አሳስቶ ቢጨምርልን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተቀባዩ።

ከመካከላችን አንዱ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ሌሊት ሌሊት ቆሻሻ የሚጥል ሰው አለ። ኮሚቴው በትልልቅ ፊደል ማስታወቂያ ለጠፈ። ጠዋት ማስታወቂያው ሥር ሌላ ፌስታል ተገኘ! ጓደኛችንን የሚገርመው ፌስታሉ አይደለም። «ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ የማገኛቸው ጎረቤቶቼ ሁሉ ጨዋ ናቸው» ይላል። «እንዴት አደርክ ይላሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የወደቀ ልጅ ያነሳሉ። ጣዩ ግን ከእነዚሁ ከጨዋዎቹ አንዱ ነው።»

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻውን የሚጥለው ከሌላ ሰፈር የመጣ ወሮበላ ቢሆን ኖሮ ምን ቸገረን? ቀን ቀን ጨዋ የሆነው ሰውዬ ሌሊት ደረጃው ላይ ሲወርድ ጨዋነቱን የት አስቀምጦት ነው የሚወርደው?

ቀለበቱ

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁት አሉ። ፕላቶ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው «ሪፐብሊክ» ውስጥ ግላውኮን የተባለ ሰው ስለ አንድ እረኛ ተረት ያወራል። እረኛው ምድር ተናውጣ በተሰነጠቀችበት ቦታ ቀለበት ያገኛል። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ከዚያስ? ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አባበለ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ዙፋኑን ወሰደ። ግላውኮን የሚለው፣ ለጻድቅም ለኃጥእም እኩል እንዲህ ያለ ቀለበት ብንሰጣቸው ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው። ሰው ደግ የሚሆነው ስለሚታይ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። (የፕላቶ ሶቅራጥስ በዚህ አልተስማማም። መልሱን ሰጥቶ ለመጨረስ ግን የቀረው መጽሐፍ በሙሉ አስፈልጎታል።)

ተረቱን ወደ ቁጥር የቀየሩት ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። አሜሪካኖች ሃሎዊን የሚሉት በዓል አላቸው። ለእኛ ሆያ ሆዬ ነው በሉት፤ ልጆች ጭምብል አጥልቀው በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ጥናት ሲያትል ከተማ ውስጥ በ27 ቤቶች ከ1,300 በላይ ልጆች በድብቅ ታዩ። የቤቱ ሴትዮ «አንድ አንድ ብቻ ውሰዱ» ትልና ዘወር ትላለች። አንዳንዶቹን ልጆች ስማቸውንና ቤታቸውን ትጠይቃለች፣ ሌሎቹን ምንም አትጠይቅም። ብቻውን መጥቶ ስሙን ከተናገረው ልጅ መካከል አላግባብ የወሰደው ከ100 ወደ 8 ገደማ ነው። በቡድን ከመጡትና ስማቸውን ካልተጠየቁት ግን ከ100 ውስጥ 57ቱ ወስደዋል። ያው ልጅ፣ ያው ከረሜላ ነው። የተለወጠው የስሙ መጠራትና የአጃቢው ብዛት ብቻ ነው።

ታዲያ ግላውኮን ረታ ማለት ነው? ቆይ፣ አንድ ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ሴቶች ነበሩ። ለግማሾቹ የኩ ክለክስ ክላንን ቀሚስ የሚመስል ልብስ፣ ለግማሾቹ የነርስ ልብስ ተሰጣቸው። ከዚያ ጥያቄ ሲሳሳት ለሚቀጣ ሰው የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ንዝረት መጠን እንዲወስኑ ተጠየቁ (ንዝረቱ የውሸት ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም)። የነርስ ልብስ የለበሱት ቅጣቱን ቀነሱለት። ማንነታቸው ሲደበቅ ደግሞ ከጠበቅነው ተቃራኒ ሆነ፤ ይባስ ቀነሱለት!

እኛ ከዚህ የተረዳነው ስም ሲጠፋ ሰው ወዲያው አውሬ እንደማይሆን ነው። ስም ሲጠፋ ባዶ ቦታ ይተዋል። ያንን ቦታ በአጠገቡ ያገኘው ነገር ይሞላዋል። የለበሰው ልብስ ሊሆን ይችላል፣ ያጀበው ቡድን ሊሆን ይችላል፣ የሰፈሩ ልማድም ሊሆን ይችላል። ደግ ነገር ከበበው፣ ደግ ይሆናል። ክፉ ከበበው፣ ክፉ ይሆናል። ለዚህ ነው መንጋ የሚያስፈራው።

አንድ አንድ እርግጫ

መርካቶ ውስጥ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ያየ ያውቀዋል። ሞባይል የመነተፈ ልጅ ሲሮጥ ሃምሳ ሰው ይከበዋል። ከሃምሳው አብዛኛው የተሰረቀውን ሰው አያውቀውም፣ ልጁንም አያውቀውም። አንዱ በጥፊ፣ አንዱ በእርግጫ፣ አንዱ በጫማው። ከዚያ ሁሉም ወደ ገበያው ይመለሳል። ልጁ ቢሞት ማን ገደለው? ሁሉም የሰነዘረው አንድ አንድ እርግጫ ነው። በአንድ እርግጫ ደግሞ ሰው አይሞትም፤ ስለዚህ ማንም አልገደለውም ማለት ነው!

«ይሄ የከተማ በሽታ ነው፣ ሰው በሚተዋወቅበት አገር አይደረግም» ለማለት ያምረናል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነው ግን አፋችንን ያዘጋናል። ለጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች ሕፃናትን መርዝ እየወጉ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ሐሰት ነበር። ሕዝብ ተሰብስቦ ሁለቱን ገደለ። እዚያ ሰው ጎረቤቱን በስም ያውቃል፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። ግን ብዙ ሆኖ መቆም በራሱ ጭምብል ነው። በገዛ ቀዬው፣ በገዛ ጎረቤቶቹ መካከል ሆኖ ሰው ስሙን ሊያጣ ይችላል።

ሁለት ገጽ፣ ፊርማ የለውም

አሁን ወደ ደብዳቤ እንምጣ። መጀመሪያ ግን የሌላ ደብዳቤ ታሪክ።

ከመካከላችን አንዱ ቀድሞ ይሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ስለ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሁለት ገጽ ጥቆማ ለአለቆች ደረሰ። ፊርማው ቦታ ላይ «የድርጅቱ ተቆርቋሪ ሠራተኞች» ይላል። ስንት ናቸው? እነማን ናቸው? አይታወቅም። ሰውዬው አራት ወር ከሥራ ታገዱ። ንብረቱ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፣ የጎደለ አልተገኘም። ተመለሱ። ደመወዛቸውም ተከፈላቸው። ነገሩ አለቀ?

አላለቀም። ከተመለሱ በኋላ ከማንም ጋር ቡና መጠጣት አቆሙ። ለጓደኛችን የነገሩት ይህን ነው፤ «ልጄ፣ አንድ ጠላት ቢኖረኝ እታረቀው ነበር። አሁን ግን አርባ ሰው ነው የምጠረጥረው። ሰላም የሚለኝ ሁሉ እሱ ይሆን እላለሁ።» የደብዳቤው ጸሐፊ ምናልባት ያን ዕለት ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን አቅፎ ተኝቷል። ማን አየው?

ይህ ነገር በዚህች አገር ከዚያ በላይ ዋጋ አስከፍሏል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየቀበሌው ጠቋሚ ነበር። ከሳሹን ሳያይ፣ መልስ ሳይሰጥ የተወሰደ ወጣት ብዙ ነው። ሐዘኑ ላይ የተጨመረ ሌላ ሐዘን ነበር። ልጇን ማን እንደጠቆመባት ሳታውቅ ከጠቋሚው ጋር በአንድ እድር የኖረች እናት አትኖርም ብላችሁ ነው?

እንዲህ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው ያላችሁ ትኖራላችሁ። «ሰው የሚለውን ሁሉ በስሙ ይበል፣ ያልፈረመ ደብዳቤ ቅርጫት ውስጥ ይጣል!» ከመካከላችንም እንዲህ ያለ ነበር። ግን…

ሌላው ፊት

እስከ እ.ኤ.አ. 1872 ድረስ እንግሊዝ አገር ሰው የሚመርጠው በአደባባይ፣ የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ እየተናገረ ነበር። ግልጽነት ነው፣ ጀግንነት ነው፣ አይደል? ግን ጪሰኛው ድምፁን ሲሰጥ ባለ መሬቱ ቆሞ ይሰማዋል። ነገ ከመሬቱ ሊያስነሳው ይችላል። በዚህ ሁኔታ «በስምህ ተናገር» ማለት «ዝም በል» ማለት ነው። ምስጢራዊ ድምፅ የመጣው ደካማው እውነቱን እንዲናገር ነው።

የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። አውጫጭኝ የሚባለውን ሥርዓት ሽማግሌዎች ጠይቁ። የሰው ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሬው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ እየተመላለሱ መሰብሰብ ነው። ያየ ሰው ግን አደባባይ ወጥቶ «እከሌ ነው» ቢል ደም ሊቃባ ነው። ስለዚህ «ወፍ» ነበረ። ወፍ የሚባለው ያየውን ለሽማግሌዎች በምስጢር የሚናገር ሰው ነው። ስሙ አይወጣም። እውነቱ ግን ይወጣል።

በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። የቀበሌው ጠቋሚም ስሙ አይታወቅም፣ ወፉም ስሙ አይታወቅም። ታዲያ አንዱን የምንረግመው፣ ሌላውን የምናደንቀው ለምንድን ነው?

አንዷ ጓደኛችን ነች ነገሩን የፈታችው። «የወፉን ስም እኮ ሽማግሌዎቹ ያውቁታል» አለች። እውነቷን ነው። ወፉ ለተከሳሹና ለሕዝቡ ተሰውሯል እንጂ ስሙ አልጠፋም። በአደባባይ የተቀመጡ፣ ሁሉም የሚያውቃቸው፣ ቢያጠፉ የሚጠየቁ ሽማግሌዎች ይዘውታል። ወፉ ቢዋሽ ሽማግሌዎቹ ፊት ነው የዋሸው። ሽማግሌዎቹ ቢያዳሉ አገር ያያቸዋል። ስሙ አደራ ተሰጥቷል።

አደራ! ቃሉ እስኪመጣልን ሁለት ማኪያቶ ጨርሰናል። ስምን መጣልና ስምን አደራ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሌሊት ፌስታል የሚወረውረው ስሙን ጥሎታል። መርካቶ ላይ የሚራገጠውም ጥሎታል። «ተቆርቋሪ ሠራተኞች» ብሎ የጻፈውም እንዲሁ። ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሰው ግን ስሙን አልጣለም። መራጩ መዝገብ ላይ ስሙ አለ፣ የተሰወረው ምርጫው ነው። የአገራችን ሕግም ይህን ያውቃል። የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 የጠቋሚው ማንነት ሊደበቅ የሚችልበትን መንገድ ያስቀምጣል። ምስጢሩን የሚጠብቀው ግን ተጠያቂ የሆነ አካል ነው። ሕጉ በየቢሮው ምን ያህል ይሠራበታል የሚለው ራሱን የቻለ ወሬ ይወጣዋል።

ሦስቱ ልጆች

የጓደኛችን እህትና ሁለት ባልደረቦቿ አዲስ ተቀጣሪዎች ናቸው። የሙከራ ጊዜያቸውን አልጨረሱም። አለቃቸው ከሥራ ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ቢሮው ይጠራቸዋል። በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መተረክ አያስፈልግም። እጁን የት እንደሚያሳርፍ፣ ስለ «ቋሚነት» ምን እንደሚላቸው፣ ሰምተን አንገታችንን ደፍተናል።

ልጆቹ የጠየቁን ስም የሌለው ደብዳቤ እንድናረቅላቸው ነው። እኛ ለሁለት ተከፈልን። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ የሚያውቀው ጓደኛችን «አልጽፍም» አለ። «ነገ አንድ ሰው በማይጨበጥ ወሬ ቢወድቅ እኔ የለሁበትም።» ሌላዋ ጠረጴዛውን መታች። «እነሱ ስም አልባ ሊሆኑ ነው ብለህ ትፈራለህ፤ ስም አልባ የሆነው እኮ እሱ ነው! ያንን በር ሲዘጋው ማን ያየዋል? ቀለበቱ ያለው በእሱ ጣት ላይ ነው።»

ይህ አባባል እስካሁን በጆሯችን አለ። ስለ ስውር ሰው ስናወራ ሁሌ የምናስበው ጭምብል ያጠለቀውን ነው። ሥልጣንም ግን ይሰውራል። ፋይሉ በእጁ የሆነ፣ በሩን መዝጋት የሚችል፣ «ማን ያምንሻል?» ማለት የሚችል ሰው በስሙና በማዕረጉ እየተጠራ ተሰውሯል።

መፍትሔው ከእኛ አልመጣም። እዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ፣ ልጆቹ «እትዬ» የሚሏቸው ሴት አሉ። ልጆቹ ሲጨንቃቸው ነገሯቸው። እትዬ የመለሱላቸው እንዲህ ነው፤ «ደብዳቤውን በእኔ ስም ጻፉት። የእናንተ ስም እኔ ጋ አደራ ነው። ግን አንድ በአንድ መጥታችሁ፣ ዓይኔን እያያችሁ፣ ቀኑንና የሆነውን ትነግሩኛላችሁ። ለእኔ ያልተናገራችሁት አንድ ቃል አይገባበትም።»

ሦስቱም ለየብቻ ሄደው ተናገሩ። አንደኛዋ ሰምታ እንጂ በራሷ ላይ ያልደረሰ አንድ ነገር ነበር፤ እትዬ አስወጡት። እኛ አማርኛውን ብቻ አቃናን። ደብዳቤው በእትዬ ሙሉ ስምና ፊርማ ገባ። የልጆቹ ስም በታሸገ ፖስታ፣ ለሚያጣራው ኮሚቴ ብቻ። ሰውዬው ተጠርቶ መልሱን በጽሑፍ ሰጥቷል። እሱም መልስ የመስጠት መብት አለው፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ ያላገኙት ይህንን ነው። ጉዳዩ ገና እየታየ ነው። ከልጆቹ አንዷ ካስፈለገ በስሟ ቆማ ለመመስከር ወስናለች። ማንም አላስገደዳትም። እትዬ ቀድመው ስለቆሙ ይመስለናል።

እንግዲህ

ይሉኝታን እንደ ድሮው መሳደብ ትተናል። ደረጃው ሥር ፌስታል እንዳይወረወር ቢያንስ ቀን ቀን የሚጠብቅልን እሱ ነው። ግን ደግሞ ሦስቱን ልጆች ለወራት አፋቸውን ያዘጋቸው እሱ ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው። ሰው ሲያየን ብቻ የሚሠራ ደግነት ግማሽ ደግነት ነው። የሚያየን ሰው ኃይለኛ ሲሆን ደግሞ መታየት በራሱ ያስፈራል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ነገ ፊርማ የሌለው ወረቀት ቢሮአችሁ ቢደርስ ለማመንም ለመቅደድም አትቸኩሉ። የዚህን ሰው ስም አደራ የያዘ አለ ወይ? የተከሰሰውስ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለው? ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ከሌሉ ወረቀቱን የጻፈው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ውሸታም የሚጠቀምበትን መንገድ ነው የተጠቀመው። መንገዱን የምናስተካክለው እኛ ነን። እትዬን የመሰለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ቢኖር ስንቱ ደብዳቤ ባለቤት ባገኘ ነበር።

እናንተስ? የሰው ስም አደራ ቢሰጣችሁ ትይዛላችሁ?